ጋዜጣ በጠላት ዘመን

የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ስለዚያ ቀን ሲነገር ታንኩና አይሮፕላኑ፣ መድፉና የመርዝ ጢሱ ይነሣል እንጂ ሠራዊቱን ተከትሎ ስለ ገባው ሌላ መሣሪያ ብዙ አይነገርም። ያም መሣሪያ ጋዜጣ ነበረ። ከተማይቱ ከተያዘች ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ በኢጣሊያንኛ ቋንቋ አዲስ ጋዜጣ ታትሞ ይነበብ ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ጠላት ጋዜጣን ምን እንዳናገረውና ይልቁንም ምን እንዳስደበቀው ለመግለጽ እሞክራለሁ። ነገሩ ከሶዶና ከኦቶና የራቀ የአዲስ አበባ ታሪክ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እኛንም የሚነካ መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ኢጣሊያ ከመምጣቷ በፊት አገራችን ጋዜጣ አታውቅም ነበር የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ፣ በኋላም በማተሚያ እየታተመ ይወጣ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ተቋቋመ። በዚህ ጋዜጣ ላይ የዘመኑ ወጣት ምሁራን ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት መቅረት፣ ስለ አገር መሻሻል ይጽፉበት ነበር። አንባቢው በቍጥር ጥቂት ቢሆንም፣ የታተመ ወረቀት የመንግሥትና የሊቃውንት ቃል ነው የሚል ክብር ተሰጥቶት ነበር። ጠላትም በኋላ የተገለገለበት ይኸንኑ ክብር ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር ወረቀት ከሰማይ ይዘንብ ጀመር። አይሮፕላኖች ከቦምብ ጋራ የዐማርኛ ጽሑፍ ይጥሉ ነበር። ከነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እጠቅሳለሁ፤ ምክንያቱም የሆነው በኛው በደቡቡ ግንባር፣ ራስ ደስታ ዳምጠው በሚያዙት ጦር ዘንድ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአይሮፕላን ተደበደበ። ቁስለኞች በተኙበት ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሕይወቱ አለፈ። ከቦምቡ ጋራ በግራዚያኒ ስም ወረቀት ተጣለ። ወረቀቱ የሚለው፣ ኢትዮጵያውያን የተማረከውን ኢጣሊያዊ አብራሪ አንገቱን ስለ ቈረጡት ይህ ቅጣት ይገባቸዋል ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፦ አብራሪው የሞተበት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ አልጋ ላይ የተኛ ቁስለኛ በዚያ ነገር ምን አለበት? ወረቀቱ ግን የተጻፈው ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት መልስ ለመስጠት ነው። የጠላት ጋዜጣ ለአምስት ዓመት የሠራው ሥራ በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ በትንሹ ይታያል።

በውጭ አገርም ቢሆን ጋዜጠኛው ሁሉ አንድ ዐይነት ነገር አልጻፈም። «ዴይሊ ሜይል» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ለኢጣሊያ ያደላ ስለ ነበር የላከው ደራሲ ኤቭሊን ዋው በዚያው መንፈስ ጻፈ። የ«ታይምስ» ወኪል ጆርጅ ስቲር ግን የመርዙን ጢስና የቀይ መስቀሉን ድብደባ ለዓለም ነገረ። ስለዚህም ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ እንደ ገቡ ከአገር አስወጡት። ይህን ሰው አንባቢ አይርሳው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ተቋረጠ። በቦታው የመጡት ጋዜጦች እንደ አንባቢው ቋንቋ የተለያዩ ነበሩ። ለኢጣሊያኖቹ «ጆርናሌ ዲ አዲስ አበባ» የተባለው ወጣ፤ እርሱም ቈይቶ «ኮሪዬሬ ዴል ኢምፔሮ» ተባለ። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በዐማርኛ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል ጋዜጣና «የሮማ ብርሃን» የሚባል መጽሔት ተዘጋጀ። ስማቸውን እንኳ ብንመለከት ተንኰሉ ይገባናል። ትናንት «ብርሃንና ሰላም» ያነብ የነበረ ሰው ዛሬ «ብርሃን» የሚለውን ቃል በሮማ ስም ተጠቅልሎ አገኘው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ዐማርኛውን የጻፉት ሰዎች ነገር ነው። ጠላት ዐማርኛ አሳምሮ አይጽፍም፤ የሚጽፍለት የአገር ልጅ ያስፈልገው ነበር። ከታወቁት ሊቃውንት መካከል በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመውን የመጀመሪያውን የዐማርኛ ልብ ወለድ የደረሱት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ለኢጣሊያ አድረው «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። ጋዜጣው የቄሣር መልእክተኛ፣ ሊቁም የቄሣር አፍ ሆኑ ማለት ነው። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶባቸው በግዞት ጅማ ላይ ዐረፉ። የእኒህ ሰው ዐማርኛ ዛሬም ድረስ በትምህርት ቤት የሚደነቅ ነው። እኛ ተማሪዎች ግን የዐማርኛውን ውበት ስናደንቅ ያ ብዕር በመጨረሻ ለማን እንዳደረ ብንረሳ፣ ግማሹን ብቻ ተማርን ማለት ነው። ለእንጀራ ብለው የጻፉ፣ ፈርተው የጻፉ፣ ወደውም የጻፉ ነበሩ፤ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። ቢሆንም ቀለሙ በሁሉም እጅ ያው ነበረ።

ጋዜጦቹ የሚናገሩት ምን ነበር? ስለሚሠሩት መንገዶች፣ ስለ ሆስፒታል፣ ገብተው ስለ ታዘዙ መሳፍንትና ባላባቶች፣ ስለ ሙሶሊኒ ታላቅነትና ኢጣሊያ ስላመጣችው ሥልጣኔ ነበር። መንገዱ በእውነት ተሠርቷል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ዳሩ ግን ጋዜጣው መንገዱን ሲያሳይ በመንገዱ ላይ የሚሄደውን መድፍ አያሳይም።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የነበረው ልዩነትም ሊታለፍ አይገባም። ለኢትዮጵያውያን በሚነገረው ቃል የቄሣር መንግሥት ለሁሉ አባት ነበረ። በሮማ ግን ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በ1930 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የዘር ልዩነትን የሚሰብክ «ላ ዲፌዛ ዴላ ራትሳ» የተባለ መጽሔት በኢጣሊያ መታተም ጀመረ። አንዱ መንግሥት በአንድ ዘመን ለአንዱ አንባቢ ስለ አባትነት፣ ለሌላው አንባቢ ስለ ዘር የበላይነት ይጽፍ ነበር። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ወረቀት ጐን ለጐን አስቀምጦ ቢያነብ ሌላ ምስክር አያሻውም ነበር።

በቃላትም ላይ ጦርነት ነበረ። ለአገሩ ነፃነት በዱር በገደል የሚዋጋውን ሰው ጠላት «ሽፍታ» ይለው ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ «አርበኛ» አለው። ከጠላት ጐን ተሰልፎ የሚዋጋውን የአገር ልጅ ጦር ኢጣሊያኖች «ባንዳ» ይሉት ነበር። ይህ ቃል በቋንቋቸው የጭፍራ ስም ነው እንጂ ስድብ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ቃሉን ከአፋቸው ተቀብሎ ትርጕሙን ለወጠውና እስከ ዛሬ ድረስ አገሩን የከዳ ሰው መጠሪያ አደረገው። ጋዜጣ የሌለው ሕዝብ፣ ጋዜጣ ያለውን መንግሥት በገዛ ቃሉ ሲረታው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የሆነው ፍጅት የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱት 30,000 ናቸው ብሏል፤ በቅርብ ዘመን ነገሩን በሰፊው የመረመሩት ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሱታል። ጋዜጦቹ የቦምቡን መወርወር ጻፉ፤ ፍጅቱን ግን አልጻፉም።

በዚያን ጊዜ «ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» የተባለው የሚላኖ ታላቅ ጋዜጣ ወኪል የነበረው ቺሮ ፖጃሊ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ይህ ጋዜጠኛ ለጋዜጣው የሚልከው ወሬ በሳንሱር የሚያልፍ ነበረ። በሌሊት ግን ለራሱ የሚጽፈው የዕለት ማስታወሻ ነበረው። በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ዱላና የብረት ዘንግ ይዘው በመንገድ ያገኙትን ኢትዮጵያዊ ሲገድሉ፣ የድኾች ጎጆ ሲቃጠል ማየቱን ጻፈ። ማስታወሻው ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ነው፤ ይህም ከነገሩ 34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ ምናልባትም አንድ ብዕር ነበረ። ለሕዝብ የጻፈው እውነቱን አልያዘም፤ እውነቱን የያዘው ለሕዝብ ያልጻፈው ነው። እንዲህ የሚያደርገው የጋዜጠኛው ክፋት ብቻ አልነበረም። በሮማ የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረ፤ በ1929 ዓ.ም. ስሙ የሕዝብ ባህል ሚኒስቴር ተባለ። ከዚያ ለየጋዜጣው አዘጋጅ ስለ ምን እንደሚጻፍ፣ ስለ ምን እንደማይጻፍ፣ የትኛው ወሬ በትልቅ ፊደል እንደሚወጣ በስስ ወረቀት የተጻፈ ትእዛዝ በየጊዜው ይላክ ነበር።

የደብረ ሊባኖስም ነገር እንዲሁ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ በተረሸኑ ጊዜ ግራዚያኒ ለሮማ በላከው የሚስጥር ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ራሱ አስታወቀ። ካምቤል ግን በዚያ የተገደሉት ከዚህ እጅግ የሚበልጡ መሆናቸውን ጽፈዋል። ገዳዩ ለአለቃው በቍጥር ይናገራል፤ ጋዜጣው ለአንባቢው አንድም አይናገርም። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ ስለ ኢጣሊያ የጦር ወንጀል ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባቀረበችው ሰነድ ውስጥ የጠላት ቴሌግራሞች ዋና ማስረጃ የሆኑት ስለዚህ ነው። የዚያን ዘመን ጋዜጣ ብቻ ሰብስቦ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢኖር፣ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገድ ከመሥራት በቀር ምንም አልሆነም ብሎ ሊጽፍ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ጋዜጣውን አመነውን? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ መልስ የሰጠው ራሱ ግራዚያኒ ነው። በመጋቢት ወር 1929 ዓ.ም. አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ ሙሶሊኒም ይህን አጸደቀ። ምክንያቱ እነዚህ ሰዎች የኢጣሊያ መንግሥት በቅርቡ ይወድቃል የሚል ወሬ በየገበያው ያሰራጫሉ የሚል ነበር። ማተሚያ ቤቱ፣ ወረቀቱና ቀለሙ፣ ሬዲዮኑም ሁሉ በእጁ ሳለ አንድ መሰንቆ የያዘ ሰው አስፈራው። የአገሩ ጋዜጣ በማን አፍ እንዳለ ጠላት ከኛ ከታሪክ ተማሪዎች ቀድሞ ዐውቆት ነበር።

ይህ ነገር ወደ ወላይታ ያመጣናል። ኢጣሊያ ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ አገሪቱን በየክፍሉ ከፋፍላ፣ ለየክፍሉ የትምህርት ቋንቋ ወሰነች። ወላይታ የተመደበበት ክፍል ዋና ከተማው ጅማ ሲሆን፣ የተፈቀደለት ቋንቋ ኦሮምኛና ካፍኛ ነበር። ወላይትኛ አልተጠቀሰም። ዐማርኛም ከደቡቡ ትምህርት ቤት እንዲወጣ ተደረገ። ያ መንግሥት ለየነገዱ ነፃነት አመጣሁ እያለ ይሰብክ ነበር፤ የኛን ቋንቋ ግን በሕጉ ላይ እንኳ አላሰፈረውም። የአዲስ አበባው የዐማርኛ ጋዜጣ ወደዚህ ቢመጣም፣ በዚያን ጊዜ በወላይታ ማንበብ የሚችለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ። ስለዚህ የጋዜጣው ቃል ለገበሬው የሚደርሰው በገበያ ቀን በሚነገር ዐዋጅ፣ በአስተርጓሚ አፍና ባላባቱ ተጠርቶ ሰምቶ በመጣው ወሬ ነበር። ወሬም በሦስትና በአራት አፍ ካለፈ በኋላ የላኪው ሳይሆን የተቀባዩ ይሆናል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በዚሁ በሶዶ የተፈጸመ ነገር አለ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በወላይታ ሥራ የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. ጠላት ከአገር ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ ገና አልታተመም፤ የነበሩት ጥቂት የወንጌል ክፍሎች ብቻ ናቸው። ወንጌላዊው ዋንዳሮ ታሰረ፣ ተገረፈም፤ ሌሎቹም እንዲሁ መከራ ተቀበሉ። ሚሲዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩ ስለሆንኩ ይህን የጠቀስኩት ለትምክሕት ሊመስል ይችላል፤ ዓላማዬ ሌላ ነው። በዚያ አምስት ዓመት በዚህ አገር ማተሚያና መንግሥት የያዘ አንድ ቃል ነበረ፤ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቤት ወደ ቤት በእግር የሚሄድ ሌላ ቃል ነበረ። የትኛው ሩቅ እንደ ሄደ ቍጥሩ ይናገራል።

በውጭም ሆነው በጋዜጣ የተዋጉልን ነበሩ። ሲልቪያ ፓንክረስት የተባሉት እንግሊዛዊት ወይዘሮ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያወጡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለት አዲስ አበባ በተያዘችበት በዚያው ዕለት ነው። አብዛኛው የአውሮፓ ጋዜጣ የኢትዮጵያን ነገር አልቋል ብሎ ሲተወው እኒህ ሴት አልተዉትም። ጋዜጣው ከነፃነት በኋላም እስከ 1948 ዓ.ም. ቀጠለ። እርሳቸውም ወደ አገራችን መጥተው ኖረው፣ ሲሞቱ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ቀደም ሲል አንባቢ እንዳይረሳው ያልኩት ጆርጅ ስቲርም ተመለሰ። በ1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ካርቱም መጡ፤ ስቲርም በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኰንን ሆኖ የፕሮፓጋንዳውን ክፍል ያዘ። በካርቱም «ባንዲራችን» የሚባል የዐማርኛ ጋዜጣ እየታተመ በአርበኞች እጅና በአይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ጀመር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ዐዋጅ በዐማርኛና በትግርኛ ታትሞ ለጠላት በተሰለፉት የአገር ልጆች ላይ ይበተን ነበር። ዐዋጁን አንብበው ወይም አስነብበው ብዙዎች ከነመሣሪያቸው ከጠላት ጦር እየከዱ መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸሸጉ መናገር ይገባል። «ባንዲራችን»ም ቢሆን የጦር መሣሪያ ነበረ። ለማሸነፍ የሚጠቅመውን ይጽፋል፤ የማይጠቅመውን ያልፋል፤ የሚያወጣውም የእንግሊዝ ጦር ክፍል ነው። እንግዲያስ ከ«ቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» በምን ይለያል የሚል ጠያቂ ቢመጣ፣ የእኛ ስለሆነ ብቻ ብሎ መመለስ አይበቃም። እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፦ የጠላት ጋዜጣ አንባቢው በዐይኑ ያየውን እንዲክድ ይጠይቀው ነበር። «ባንዲራችን» ግን ንጉሠ ነገሥቱ እየመጡ ነው ሲል፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ሲሻገሩ አንባቢው ራሱ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ተናገረ። ሁለቱም ወገን ቢመርጥና ቢቀንስ፣ አንዱ ለመመርመር የተጋለጠ ነበረ፤ ሌላው መርማሪውን ይገድል ነበር።

የጠላት ጋዜጣ ውሸት ከጠላት ጋራ አልጠፋም። በጦርነቱ ወዶ ዘማች የነበረውና በኋላ በኢጣሊያ እጅግ የታወቀው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በኢትዮጵያ የመርዝ ጢስ አልተጣለም እያለ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተከራከረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ከመዝገብ ቤት ሰነድ እያወጣ ተቃወመው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር በፓርላማ መርዙ በሥራ ላይ መዋሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ መሳሳቱን ተቀበለ። ከሰው ቆዳ ላይ ሥጋ ያወረደውን ነገር ለማመን 60 ዓመት ፈጀ። በዚያ 60 ዓመት ውስጥ የተቃጠሉት አብዛኞቹ አልቀው ነበር።

በወላይታ ጦርነቱ ያለቀው በአዲስ አበባ ካለቀ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ ከተማቸው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሶዶ ግን ገና በጠላት እጅ ነበረች። የእንግሊዝ ጦር ከተማይቱን የያዘው ግንቦት 14 ቀን ነው፤ የኢጣሊያ ጄኔራሎችም እዚሁ ተማረኩ። የነፃነቱ ጋዜጣ «አዲስ ዘመን» የመጀመሪያ ቅጠሉ ታትሞ የወጣው ደግሞ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት ነው። ጋዜጣው ገና ሳይታተም የሶዶ ሰው የጠላት ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረክበው ሲሄዱ ቆሞ ካየ 16 ቀን ሆኖት ነበር።